ሙጂብ የተስማማ ዕለት

ሙጂብ ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። ደንበኛ «እጅጌው ይጠር» ካለው «መርዘም አለበት» ብሎ የሚከራከር ሰው ነው። ያን ቀን ከሰዓት ሦስት ጓደኞቹ ከጫት ላይ አንስተው፣ በአንድ ባጃጅ ተጠቅጥቀው ክሊኒካችን አመጡት። መርፌ የወጋው አውራ ጣቱ አብጧል፤ ቅላቱ ክንዱ ድረስ ወጥቷል።

ትንፋሹ ፈጣን ነው፤ የልብ ምቱም እንዲሁ።

«ዶክተር ስናፍቅሽ፣ እሱማ የጫቱ ነው» አለኝ ሙሐመድአወል፣ ከጓደኞቹ ተናጋሪው። «የእኔንም ብትለኪው ይሮጣል።»

ለካሁት። እውነትም ይሮጣል።

ሙጂብ ትኩሳት የለውም። ይህ ግን አላረጋጋኝም። ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያናጋ ሴፕሲስ እንለዋለን፤ ያለ ትኩሳትም ይመጣል፣ ቶሎ ካልተደረሰበት ይገድላል። አእምሮንም ያደናግራል። ጫት ልብ ያስሮጣል እንጂ ያሉበትን ከተማ አያስረሳም።

«ሙጂብ፣ አሁን ያለነው የት ነው?»

ዓይኑን ጓደኞቹ ላይ አንከራተተ።

«ሐርጌሳ» ሲል ሹክ አለው ሙሐመድአወል።

«ሐርጌሳ።»

«ዛሬስ ምን ቀን ነው?»

ከኋላዬ ሳል ሰማሁ። ዞር ስል ሌላው ጓደኛው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው።

«ማክሰኞ» አለ ሙጂብ።

«አትንገሩት እንጂ!»

«አቦ ዶክተር፣ ወንድማችን ፈተና ሲወድቅ ዝም ብለን እንይ?»

«ፈተና አይደለም!»

«ታዲያ ለምን ትጠይቂዋለሽ? ቀኑን አታውቂውም?»

ላስወጣቸው ስነሳ ሚስቱ ቢልቂስ እያለከለከች ገባች።

«አንተ ሰውዬ! እጅህን ታከም ብዬህ አልነበር?»

«ልክ ነሽ» አለ ሙጂብ።

ቢልቂስ ጎንበስ ብላ ፊቱን አየችው።

«ምን አልክ?»

«ልክ ነሽ። ሁሌም ልክ ነሽ።»

«ያ አላህ! ዶክተር፣ ባሌን አድኚልኝ!»

ሙሐመድአወል ፊቱ ገርጥቶ «ወላሂ፣ ይሄስ የጫት አይደለም» አለ።

የደም ግፊቱን ደግሜ ስለካው ወርዷል። ለምርመራ ደም ቀዳሁ፣ አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ ሰጠሁት፣ ፈሳሽ ሰቀልኩለት። ከዚያ በአምቡላንስ ሆስፒታል ወስደን አስተኛነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ልጠይቀው ስሄድ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ቢልቂስ ሾርባ ታጎርሰዋለች።

«ጨው የለውም» አላት።

«አለው።»

«የለውም እኮ ነው የምልሽ!»

ቢልቂስ እንባዋ መጣ። «አልሐምዱሊላህ» አለች ዓይኗን በሻሿ እየጠረገች። «እሺ፣ ልክ ነህ፤ የለውም።»

«ማነው የለውም ያለው?» አለ ሙጂብ።