የአዋላጇ አሮጌ መኪና

ሰፈሩ «ጆሮ» ብሎ ነው የሚጠራው። ሞተር ሲጮህ ኮፈኑን ሳይከፍት ሕመሙን ስለሚናገር የወጣለት ስም ነው፤ ሌላ ሹመት አግኝቶ ስለማያውቅ ይወደዋል። ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት በትልቁ ጋራዥ ውስጥ፣ ታናሽ ወንድሙ ሊሆን የሚችል አንድ ባለዲፕሎማ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «አንተ ወረቀት የለህም፤ ዕቃ እጠብ» አለው። ያን ቀን ቱታውን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለና ወጣ። እሱ ወጣ እንጂ ቃሏ ከእሱ አልወጣችም። ቁርስ ላይ አብራው ትቀመጣለች፣ ማታ አብራው ትተኛለች።

አሁን በቆርቆሮ በታጠረች ጠባብ ግቢ ለብቻው ይሠራል። ትልቁ ጋራዥ ተስፋ የቆረጠባቸው መኪኖች እየተጎተቱ ይመጡለታል። አንዷን ባስነሣ ቁጥር ባለዲፕሎማውን በልቡ አንድ ጥፊ ያቀምሰዋል። ጥፊው ግን አጥግቦት አያውቅም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የመጣችለት የአዋላጇ መኪና ነበረች። አዋላጇ ሰባን የተሻገሩ፣ እጃቸው ሰፊ፣ ምላሳቸው ስለታም ሴትዮ ናቸው። ከሆስፒታል በጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ ዳር ሰፈር ምጥ የመጣባት ሁሉ የምታስጠራው እሳቸውን ነው። ከጎናቸው ባንክ የሚሠራው የበኩር ልጃቸው ፊቱን አጨፍግጎ ተቀምጧል።

«እማማ፣ ምን ሆነች?» አለ ጆሮ።

«ሃያ ምናምን ደቂቃ እንደ ልጃገረድ ትሮጥልኛለች። ከዚያ ታቃስትና ቀጥ! ግማሽ ሰዓት አኩርፋ ስታበቃ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሣለች። ይኸው ሁለት ወሯ።»

«አኩራፊ ናታ!»

«ካንተ ጋ ውላ ይሆናል የተማረችው።»

ልጃቸው አልሳቀም። «ባለፈው ወር መንገድ ላይ ጥላቸው፣ በዚህ ዕድሜያቸው ሁለት ሰዓት በእግራቸው ሄዱ። ሲደርሱ ሴትየዋ ብቻዋን ወልዳ አገኟት። እኔ ቀብሬያቸው መኖር አልፈልግም። ዐሥር ሰዓት ላይ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛው ሰውዬ መጥቶ ይወስዳታል፤ ተስማምተናል።»

«አንተ ነህ የተስማማኸው» አሉ አዋላጇ። ወደ ጆሮ ዞሩ። «እስከ ዐሥር ሰዓት ካስነሣሃት ቁልፉ የኔ ነው። አለዚያ እሰጠዋለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ከዚያማ ምን ቀረኝ? መስኮት ሥር ቁጭ ብሎ የሰው ልጅ ሲያድግ ማየት!»

ልጃቸው ከኪሱ ማኅተም ያለበት ወረቀት አወጣ። ትልቁ ጋራዥ እሳት ሰጪ ቦቢናዋን ቀይሯል፣ የቤንዚን ፓምፗን ቀይሯል፣ ካርቡራቶሯን አጥቧል። መጨረሻው ላይ «ያረጀች ስለሆነች አትጠገንም» ይላል። ከሥሩ ያለችውን ጅራተ ረጅም ፊርማ ጆሮ የማን እንደሆነች ማንም ሳይነግረው ዐወቃት። ደሙ ፈላ። ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ እንደ ሞተ አይጥ መለሰው።

ሞተሩን አስነሥቶ መርገጫው ላይ ጡብ አስደገፈና ሰዓቱን ያዘ። ልክ በሃያ ስድስተኛው ደቂቃ መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተንፈራፈረችና ጸጥ አለች።

እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ነቅሎ አየ፤ እሳቱ ሰማያዊ ነው፣ እንደ እባብ ምላስ ይወረወራል። የእሳት ችግር የለባትም። ካርቡራቶሩን ከፈተ፤ ደረቅ ነው፣ ጠብታ ቤንዚን የለም። «ጥማት ነው እንጂ ብርድ አይደለም» አለ ለራሱ። ወደ ፓምፑ የሚመጣውን የጎማ ቱቦ ፈታ። ከወደ ኋላ ቡልቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቱቦውን በአፉ ሲስበው ቤንዚኑ ያለምንም ማቅማማት ምላሱ ላይ መጣ። ተፋው። መልሶ ገጠመ፣ ቁልፉን አዞረ፣ ተነሣች።

«ዳነች?» አሉ አዋላጇ።

«ቆይ እስቲ።»

በሃያ ስድስተኛው ደቂቃ ቀጥ። ደግሞ ቱቦውን ፈታ፣ ደግሞ ቡልቅ፣ ደግሞ ቤንዚኑ ፈሰሰ። ማጣሪያውን አየ፣ ንጹሕ ነው። ቱቦውን ነፋ፣ ክፍት ነው። ጆሮ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም፦ ሲነኳት የምትድን፣ ሲተዉአት የምትታመም። ላቡ በጀርባው ወረደ። ባለዲፕሎማው አጠገቡ ቆሞ «አላልኩህም?» የሚለው መሰለው።

«ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው» አለ ልጅየው።

«አንተ ሰዓት ቁጠር፤ ባንክ ያስተማረህ መቁጠር ነው» አሉት እናቱ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጆሮ፣ ቱቦውን ስትፈታ ከኋላ የሚጮኸው ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ቡልቅ የሚለዋ። ሁለቴ ሰማኋት።»

ጆሮም ሰምቷት ነበር፤ ግን አእምሮው ሞተሩ ላይ ስለነበር አሳልፏታል። ትከሻውን ነቀነቀ።

«እንግዲያው እንደገና አስነሣት። ስትቆም ግን እጅህን ሰብስብ!» አሉት። «የታመመችን ሴት ሳይሰሟት አያገላብጧትም።»

እንደገና አስነሣት፤ ሃያ ስድስቱን ደቂቃ ሦስቱም ጠበቁ። ስትቆም አዋላጇ ከቦርሳቸው አንድ ነገር አወጡ፦ ከመያዝ ብዛት የጠቆረች፣ ሁለት ጫፏ እንደ ጥሩምባ የተከፈተች የእንጨት ቀንድ። በእናት ሆድ ላይ ደግፈው የፅንስ ልብ የሚሰሙባት ናት። ጉልበታቸውን ይዘው በመኪናዋ ኋላ ተንበረከኩ። ከወንበሩ ሥር ባለው ሰልባትዮ፣ በቤንዚን ማጠራቀሚያው ቆርቆሮ ላይ፣ ቀንዷን ለጠፉና ጆሯቸውን ደገፉባት። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ልጅየው እናቱን ሥራ ላይ አይቷቸው አያውቅም ኖሮ አፉ ተከፍቶ ቀረ።

«ሆዷ ወደ ውስጥ እየተሳበ ነው» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ጠቅ... ጠቅ ይላል። ምጥ አይደለም ይሄ። መታፈን ነው። ና ስማ።»

ጆሮ መሬት ላይ በደረቱ ተኛ። ቀንዷ ከጉንጫቸው ሙቀት ገና አልበረደችም። ሰማ። በዚያ ቀጭን ቆርቆሮ ውስጥ፣ በሠላሳ ዓመት ሥራው አንድም ቀን ያልሰማት፣ ትንሽ ጭንቅ የያዛት ድምፅ ነበረች። ጠቅ። ቆርቆሮው የሚጨብጠው እጅ ሳይኖር ይጨበጣል። ጆሮው ውስጥ ዓለም የተገለበጠ መሰለው። ሰፈር ያከበረው ጆሮ እስከዛሬ የሚሰማው የሚጮኸውን ብቻ ኖሯል።

ተነሥቶ የቤንዚኑን ክዳን ያዘ። አልዞር አለው፤ ከውስጥ አንድ ኃይል ይዞታል። በጨርቅ ጠቅልሎ በሙሉ ጉልበቱ አዞረው።

ሁፍፍፍፍ!

ረጅም ነበር። ማንም ይህን ያህል አየር አንዲት ማጠራቀሚያ ትጠማለች ብሎ አያስብም። አየሩ እያፏጨ ገባ፣ ገባ፣ ገባ፤ ቆርቆሮው ባም ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። የጆሮ ክንድ ፀጉር ቆመ። ልጅየው ሳያውቀው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽቶ ነበር።

ነገሩ ያኔ ተገለጠለት። ቤንዚን ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ አየር ካልገባ ፓምፑ ቢጎትት ቢጎትት ማጠራቀሚያው አይለቅም። ቱቦውን በፈታ ቁጥር በዚያ በኩል አየር ይገባላታል፤ ቡልቅ ያለችው እሷ ናት። አየር መግቢያዋ ክዳኑ ላይ ያለች መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ ናት። ክዳኑን ገለበጠው። ቀዳዳዋ በቀለጠ እርሳስ ተደፍናለች።

«ማነው የደፈነው?» አለ ልጅየው። ወረቀቱን ከኪሱ መዝዞ አወጣ። «እነሱ ናቸው አይደል? እነሱ ናቸው በለኝ ብቻ። ነገ ጠዋት ሄጄ ያንን ሰውዬ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ባላዋርደው!»

በሠራተኛው ሁሉ ፊት። ጆሮ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመነው ጸሎት በሰው አፍ ተመለሰለት። አንድ «አዎ» ብቻ ይበቃል፤ የእምዬን እከክ ወደ አብዬ ማላከክ ነው፣ ማን ያያል?

እርሳሱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ዳር ዳሩ በምላጭ የተስተካከለ፣ መሐሉ ጎበጥ ያለ። እንዲህ የሚደፍን ሰው አንድ ነው። ከሁለት ወር በፊት እማማ ለጎማ መጥተው «የቤንዚን ሽታ በሽተኞቼን እያቅለሸለሸብኝ ነው» ሲሉ፣ ዝገት የበላው ቀዳዳ መስሎት በነፃ፣ ለፍቅራቸው፣ አሳምሮ የደፈነው እሱ ነው።

አሮጊቷ ገና መሬት ላይ ናቸው፤ ቀንዷን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። እሳቸውን እያየ መዋሸት አቃተው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምን?»

«እኔ ነኝ የደፈንኳት። እኔ ነኝ ያፈንኳት። እነሱ ሳያገኙት ቀሩ እንጂ አልሠሩትም።»

«ሁለት ወር ሙሉ! እናቴን በእግራቸው ያስኬድካቸው አንተ ነህ?» ልጅየው ጮኸ።

ጆሮ ክዳኑን ይዞ እንደ ተማሪ ቆመ። አዋላጇ እጃቸውን ዘረጉለት፤ ደግፎ አነሣቸው። ዓይን ዓይኑን አዩት።

«ያች ሴት በሰላም ነው የተገላገለችው» አሉ። «ባይሆን ኖሮ አልስቅልህም ነበር፤ ይህን ዕወቅ።» ከዚያ ሳቁ፣ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለካ ላንተ ኖሯል! በል፣ የልጅቱን አፍንጫ ክፈትልኝ።»

እርሳሱን በቀጭን መሰርሰሪያ ከፈተው። በአፉ ነፍቶ አየው፤ ይተነፍሳል።

ሦስቱም ገቡ፤ መሪውን አዋላጇ ያዙ። ጆሮ ቀንዷን ለምኖ ከኋላ ገባና፣ ወንበሩን ገልብጦ ከሥሩ ያለው ወለል ላይ ደገፋት። ዳገቱን ወጡ። ሃያ ደቂቃ። ልጅየው የእጅ ሰዓቱን ይዟል። ሃያ ስድስት። ዘወትር የምትቆምበት የውኃ ታንከር ጋ ደረሱ፤ አዋላጇ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ሠላሳ። ሠላሳ አምስት።

የልጅየው ስልክ ጮኸ፤ ብረት ገዢው ነው። ልጅየው እናቱን አየ፣ መንገዱን አየ።

«ሽያጩ ቀረ» አለና ዘጋው። ወደ ኋላ ዞረ። «አሁንስ ምን ይሰማሃል?»

ጆሮ ከቀንዷ ላይ ጉንጩን ሳያነሣ፣ ዝም በል ብሎ እጁን አወዛወዘለት።