ላዩ የደረቀ መንገድ

እዚህ ሀርጌሳ «ጉ» የሚሉት የበልግ ዝናብ ያባራው ትናንት ነው። ወደ ዳሚ ሰፈር በሚወስደው አስፋልት ላይ ድንጋይ ደርድሬ ወንበር ይዤ ተቀምጫለሁ። ከጦርነቱ ወዲህ ሰፈሩ ያገኘው የመጀመሪያው አስፋልት ነው። ያሠራሁት መሐንዲስ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከባድ መኪና አላሳልፍም።

ሙሰዓብ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የጫነ መኪናውን አቁሞ ወረደ። ከጅጅጋ የሚመላለስ ሾፌር ነው። እኔም ድሬዳዋ ስላደግኩ የምንጨቃጨቀው በአማርኛ ነው።

አስፋልቱን በመዳፉ ጠርጎ አቧራውን አሳየኝ። «ወላሂ ደርቋል፣ ኢልሃን።»

«የደረቀው ላዩ ነው። ከሥሩ ያለው አፈር ገና ውሃ እንዳዘለ ነው።»

«ታክሲዎቹ ሲያልፉ አይቻለሁ እኮ።»

«ታክሲ ቀላል ነው። አንተ ብታልፍበት ግን ይሰረጉዳል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል፤ በሚቀጥለው ዝናብ ጉድጓድ ይሆናል።»

የብረት ዘንጌን ከአስፋልቱ ጠርዝ ሥር ወጋሁት። ጭቃ ይዞ ወጣ። ሙሰዓብ ጭቃውን አየና ወደ ጭነቱ ዞረ።

«ቆርቆሮው የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«የማንም ይሁን።»

«የእናትሽ ነው። ወንድምሽ ነው የላከው።»

እናቴ ከስደት ከተመለሰች ጀምሮ የምትኖረው እዚያው ዳሚ፣ በሸራ ጣሪያ ሥር ነው። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ደመናው ተመልሷል።

ከወንበሬ ተነሳሁ። ሙሰዓብ ድንጋዩን የማነሳለት መስሎት ወደ ጋቢናው ሄደ። እኔ ግን በመኪናው ኋላ ዞሬ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ሳብኩት።

«ና፣» አልኩት፤ «በእግራችን እናደርሰዋለን፤ በዚያ በኩል ያዝ።»