የወኪሉ ፊት

መጀመሪያ ጡሩምባው ተሰማ። ከውርጌሳ በኩል፣ መኪናው ገና ሳይታይ፣ ረዘም አጠር፣ ረዘም አጠር እያለ። የሠርግ ፎቶ አንሺ ጆሮ ይህን ድምፅ ከእንቅልፉም ውስጥ ይለየዋል። ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ፎቶ ቤቴ በረንዳ ወጣሁ። የመጣው ግን አበባ የተለጠፈበት መኪና አልነበረም። ወጣቶች የጫነ አይሱዙ ነው፣ ወልድያን አልፎ ወደ ግንባር የሚሄድ። ልጆቹ እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ፤ ዜማው የሠርግ ነው፣ ግጥሙን ብቻ ቀይረውታል። አንዱ ካሜራዬን አይቶ «እኛንም አንሳና» አለኝ። አነሳኋቸው። ፊታቸው ግን ተንቀጥቅጦ ወጣ፤ መኪናው አልቆመም ነበር።

ሐምሌ 2013 ነው፤ ዓረፋ ካለፈ ሳምንቱ። በዚያ ክረምት መርሳ ላይ የሠርጉን ጡሩምባ ከዘመቻው መለየት እያቃተኝ፣ በባዶ ሜዳ ስንቴ ከወንበሬ እንደተነሳሁ አላውቅም።

በረንዳው ላይ እንደቆምኩ ጋሽ እብሬ ጃንጥላቸውን እያጠፉ መጡ። ከመርሳ ወጣ ብሎ ያለ መንደር ነዋሪ ናቸው፤ ሽንኩርት ያመርታሉ፣ ይነግዳሉም።

«ወንዳወቅ፣ ለእሁድ ተይዘሃል?»

«በዚህ ጊዜ ማን ያገባል ብለው ነው ጋሽ እብሬ። ባዶ ነኝ።»

«እንግዲያው ያዝ። የሂሻም ሠርግ ነው።»

ሂሻም የበኩር ልጃቸው ነው። ልዩ ኃይል ገብቶ ግንባር ከሄደ ቆይቷል።

«ፈቃድ ሰጡት?»

«ከለከሉት እንጂ። በሬው ግን ተገዝቷል። ቅሪቦው ተጠምቋል። በሬው ፈቃድ እስኪወጣ ይጠብቃል እንዴ?» ጃንጥላቸውን አራገፉ። «ኒካሑን በወኪል እናስራለን። ሸሆቹም ይቻላል ብለዋል። ታናሽ ወንድሙ ዓሪፍ ወኪል ሆኖ ይቀበልለታል። ልጂቱም ቤቴ ገብታ ባሏን ትጠብቃለች።»

«ፎቶውሳ?»

«ለሱ አይደል አንተጋ የመጣሁ።»

ስልካቸውን አወጡ። ሂሻም በወታደር ልብሱ ግራር ተደግፎ፣ ፀሐዩ ዓይኑን ወግቶት ይታያል።

«ይሄን ጭንቅላት ዓሪፍ ላይ ታደርግልኛለህ። ሙሽራ የሌለበት የሠርግ ፎቶ ግድግዳዬ ላይ አልሰቅልም።»

ሥራው አዲስ አይደለም። «ሰው መጨመር» እንለዋለን። የሞተ አባት ከልጁ ጎን አቁሜ አውቃለሁ፤ ሳዑዲ የቀረች እህት ከሚዜዎቹ መሀል አስገብቼ አውቃለሁ። ሐብሩ ወረዳ ውስጥ ሙሉ ቤተሰብ ያለበትን የሠርግ ፎቶ ያየ ሰው ቢኖር፣ ግማሹን ያመጣሁት እኔ እንደሆንኩ ይወቀው። ሙሽራውን ራሱን ስጨምር ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

እሁድ ዕለት ዳሱ ውስጥ እንደገባሁ የሂሻም እናት እትዬ ዓቢዳ ያዙኝ። «ላንተ ሽሮ ለብቻ አሠርቼልሃለሁ። የኛን ሥጋ በካሜራህ ብላው» አሉኝ። ሴቶቹ ሳቁ።

ዓሪፍ መርሳ ላይ ብየዳ የሚሠራ ዝምተኛ ልጅ ነው። ከሸሁ ፊት ተቀምጦ፣ የሙሽራዋን አጎት እጅ ጨብጦ፣ «ለወንድሜ ለሂሻም ተቀብያለሁ» አለ። ድምፁ አልወጣም።

«ጮክ በል» አሉት አንድ ሽማግሌ። «ለራስህ የተቀበልክ እንዳይመስልብን።»

ዳሱ በሳቅ ተሞላ። ዓሪፍ ጮክ ብሎ ደገመው።

ከዚያ ወጥተን ማንጎው ሥር ቆምን። ዓሪፍ የለበሰው ለሂሻም የተሰፋውን ሱፍ ነው፤ እጅጌው ጣቶቹ ድረስ ይወርዳል። ሙሽራዋ ዙልፋ ነጭ ቬሎዋን ከጭቃው ሰብስባ አጠገቡ ቆመች። የሐራ ልጅ ናት፤ ከሂሻም ጋር በስልክ ከመነጋገር በቀር ብዙም አልተገናኙም ነበር። ዓሪፍ ትኬት ለመቁረጥ እንደተሰለፈ ሰው ወደ ፊት ብቻ እያየ ይቆማል።

«ትከሻህን አቅና» አሉት እናቱ። «ሂሻም እንዳንተ አይጎብጥም።»

«ወንዴ» አለኝ ዓሪፍ፣ «አንገቴን ከየት ነው የምትቆርጠው?»

«ከኮሌታህ በላይ።»

«ደግ ነው። እንግዲያ ዛሬ ማሰብ አይጠበቅብኝም።»

ዙልፋ ሳቀች። ጠዋት ከመጣሁ ጀምሮ ጥርሷን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ካሜራዬን ቶሎ ቶሎ ተጫንኩት። አካል ለማግኘት ስታነሳ ፊቱን አታየውም። የምታየው ኮሌታው መስተካከሉን፣ ብርሃኑ ትከሻው ላይ ከየት እንደወደቀ፣ ሙሽራዋ ማማሯን ነው። የሚጣል ፊት ማን ያያል።

«እጁን ያዢው» አልኳት።

«እጁንም ትቀይረዋለህ?»

«የሂሻም እጅ ስልኩ ላይ የለም።»

«እንግዲያ እጁ የዓሪፍ ሆኖ ይቀራል» አለችና የእጅጌውን ጫፍ ብቻ ያዘች።

ጭንቅላቱ ተገጠመ። ትንሽ ብጫ አለው፣ ጥላው በሌላ በኩል ወድቋል፣ ከእኔ በቀር ግን ያወቀ የለም። ለሂሻም በስልክ ላኩለት፤ «ወፍሬያለሁ» ብሎ መለሰ አሉ። ትልቁ ፎቶ በመስታወት ፍሬም ጋሽ እብሬ ቤት ተሰቀለ፤ ዙልፋም ከሥሩ ተቀምጣ መጠበቅ ጀመረች።

ብዙ አልጠበቀች። ነሐሴ ላይ ወልድያም መርሳም ተያዙ። ሂሻም ከዚያ በፊት፣ ሠራዊቱ ወደ ኋላ ሲል ነው የሞተው። ሬሳ አልመጣም። አብሮት የነበረ አንድ ልጅ በሽንኩርቱ ማሳ በኩል በእግሩ መጥቶ ነገራቸውና ውሃ ጠጥቶ ሄደ። ዙልፋ በሸሪዓው ወግ የባል ሐዘኗን፣ ዒዳዋን፣ እዚያው ቤት ውስጥ ተቀመጠች። ለቅሶ የሚደርስ ሁሉ መጀመሪያ ፎቶውን ያይና ነው እሷን የሚያያት።

የኔም ፎቶ ቤት ተሰበረ። ኮምፒውተሩ፣ ማተሚያው፣ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ሳይቀር ሄደ። ካሜራውንና የፎቶ ሚሞሪዎቹን ግን ማሽላ ጆንያ ውስጥ ቀብሬያቸው ስለነበር ተረፉ። ታኅሣሥ ላይ ከተማው ሲለቀቅ ከደሴ ላፕቶፕ ተውሼ በሬን ከፈትኩ። ጠዋት በረንዳዬን እየጠረግሁ ሙሽራ ይመጣል ብዬ እመኝ ነበር። የመጡት የሟች እናቶች ናቸው። የድሮ የሠርግ ፎቶ ያስከፍቱኝና ከአጃቢው መሀል አንድ ፊት በጣታቸው ያሳዩኛል፦ «ይሄን ብቻውን አሳድግልኝ።» እየጨፈረ የተነሳ ልጅ ከጭፈራው ቆርጬ አወጣለሁ። አፉ እንደተከፈተ ለቅሶ ቤት ይሰቀላል።

ጥር ላይ አንድ ቀን ዙልፋ ብቻዋን መጣች። ጥቁር ሻርፕ አድርጋለች። ወንበር ብሰጣትም አልተቀመጠችም።

«ዒዳዬ አለቀ» አለችኝ። «ለዓሪፍ ሊድሩኝ ነው።»

«እሱ ምን አለ?»

«ዓሪፍ ምን ይላል። ቤቱ ውስጥ ስንገናኝ በጎን በጎን ነው የምንተላለፈው። እሱ የእኔን አፍ ይጠብቃል፣ እኔ የሱን። እኔ እምቢ ብል ውለታ ቢስ ነኝ፤ እነዚህ ሰዎች የሞተ ልጃቸውን ሚስት እስከዛሬ አብልተው አኑረዋል። እሱ እምቢ ቢል ግን ማንም በኔ አይፈርድም፤ እናቴጋ ሐራ እመለሳለሁ።»

«ዓሪፍን ትጠዪዋለሽ?»

«ዓሪፍ ምን በወጣው። የሂሻም ሚስት ነኝ እኮ እኔ።» የሻርፗን ጫፍ ጠቀለለች። «አንድ ቀን አብሬው አላደርኩም። ያለኝ ያ ፎቶ ነው። አሁን እሱን ሊያወርዱብኝ ነው። መጀመሪያ የተነሳውን፣ ዓሪፍ በራሱ ፊት ያለበትን፣ ካንተ ወስደው ሊሰቅሉ ይመጣሉ። ጠፍቷል በላቸው።»

«አብሽሪ» አልኳት። ከሄደች በኋላ በሩን እያየሁ፣ ሂሻም ከግድግዳው ወርዶ በአቧራው ላይ ሲከተላት አሰብኩ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ይዞኝ ስንት ደንበኛ ደጄ ቆሞ ተመልሷል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አራቱም መጡ። ጋሽ እብሬ፣ እትዬ ዓቢዳ፣ ዓሪፍ የብየዳ ልብሱን እንደለበሰ፣ ዙልፋ ከኋላ።

«የመጀመሪያውን ፎቶ አውጣልን» አሉ ጋሽ እብሬ።

«ኮምፒውተሩን እኮ ወስደውት…»

«የጎረቤታችንን የደምሴን ልጅ ከዚያው ከኛ ሠርግ አውጥተህ አሳድገህለታል። ለቅሶ ቤቱ ተሰቅሎ አየሁት። እኔን ነው የምትዋሽ?»

ዙልፋን ሳላያት ሚሞሪውን ከተትኩ።

ፎቶዎቹ ተራ በተራ መጡ። ዙልፋ በሁሉም ታምራለች። ዓሪፍ ባንደኛው ዓይኑን ጨፍኗል። በሁለተኛውም ጨፍኗል። ቀጥሎ ባለው አፉ ተከፍቷል፣ ዓይኑ ግን ያው ነው። ባንዱ ግንባሩ ተቆርጧል። ደስ አለኝ።

«ይኸው» አልኩ፣ «አይሆንም። የሚሰቀል የለውም።»

እትዬ ዓቢዳ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አሉ። «ይሄ ልጅ ያን ቀን ተኝቶ ነው እንዴ የዋለ?»

«ማን ይፈልገዋል ብዬ» አለ ዓሪፍ።

ጋሽ እብሬ ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። «ለሂሻም ያደረግኸውን ለሱም አድርግለት» አሉ። «አሁን አንሳውና ፊቱን ግጠምለት።»

«የራሱን ጭንቅላት፣ ራሱ ላይ?»

«የማን ሊሆን ነበር?»

ማንም አልሳቀም።

«ስማኝ ወንዳወቅ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በየቤቱ ሐዘን ተቀምጦ እኔ ዳስ አልጥልም። ኒካሑ ቤት ውስጥ በዝምታ ይታሰራል። ልጂቱ በቬሎ ተነስታለች፣ ልጁ በሱፍ ተነስቷል። የጎደለ ፊት ነው።»

«እኔስ?» አሉ እትዬ ዓቢዳ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ። «እሷ ከቤቴ ከወጣች የሂሻም ምን ይቀረኛል? መቃብሩን እንኳ አላውቀው።»

ዙልፋ በሩን ተደግፋ ወለሉን ታያለች። ከዚህ በኋላ አንዳች ቃል መናገር የሚችል ሰው ዓሪፍ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ወንበሩን ወደ ነጩ ግድግዳ ስቦ ተቀመጠ።

«ሱፉን ይዤ ልምጣ ይሆን?» አሉ እናቱ።

«አያስፈልግም» አልኩ፣ «ፊቱ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።»

የሙያዬ አነጋገር ነው፤ በቀን ስንት ጊዜ እለዋለሁ። ዓሪፍ ቀና ብሎ አየኝ። ከስቷል፣ ጢም አውጥቷል፣ ጉንጩ ላይ የብየዳ እሳት የበላው ቦታ አለ። ማንጎው ሥር ለቆመው አካል ይህ ፊት እንደማይሆን ያኔውኑ ታወቀኝ። ደርቦ ማለስለስ፣ ማቅላት፣ ጢሙን ማንሳት አለብኝ። ከሂሻም ይልቅ እሱ ሊከብደኝ ነው።

«ፈገግ በል» አሉት አባቱ። «ፎቶው ላይ ልጂቱ እየሳቀች ነው። አንተ ብትኮሳተር አይገጥምም።»

«ምን አስቋት ነው?» አለ ዓሪፍ።

ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን።

«አላስታውስም» አለች ዙልፋ።

ካሜራውን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። ዓሪፍ እኔን አያይም። ከጎኔ የተከፈተውን ላፕቶፕ ነው የሚያየው፣ በሱፍ ቆሞ ዓይኑን የጨፈነውን ራሱን።

«ወደዚህ» አልኩት።

ወደኔ ሲዞር ዓይኑ በመሀል ዙልፋ ላይ ቆመ። እሷም ቀና አለች። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ከንፈራቸው አልተንቀሳቀሰም። እኔ ለሥራዬ ያስለመድኩት ጣቴ ለመጫን ተዘጋጅቶ ነበር፤ ዓይኑ በደንብ ተገልጧል፣ ብርሃኑም ጥሩ ነው።

ዓሪፍ ተነሳ። ወንበሩን ሊያስተካክል መስሎኝ ካሜራዬን እንደያዝኩ ጠበቅሁ። በአባቱ ጉልበትና በጠረጴዛው መሀል በጎኑ አለፈ። ዙልፋ ቀሚሷን ሰብስባ መንገድ ለቀቀችለት።

«ዓሪፍ፣ ወዴት ነው?» አሉ ጋሽ እብሬ።

ከበረንዳው ወረደ። የቆመ ባለባጃጅ «መናኸሪያ?» አለው፤ አልፎት አስፋልቱን ተሻገረ። ወደ ብየዳ ቤቱም፣ ወደ መንደራቸውም አልታጠፈም። የአስፋልቱን ዳር ይዞ፣ እጆቹን ኪሱ ከቶ፣ ወደ ወልድያ በሚያስወጣው በሲሪንቃ በኩል ቀጥ ብሎ ሄደ።

«ውሃ ሊጠጣ ይሆናል» አሉ እናቱ።

ዙልፋ በሩን እንደያዘች፣ ከዓይኗ እስኪሰወር ድረስ አየችው።