የጃፋር ጺም

ጃፋር ጺሙን ስድስት ዓመት አሳድጎት ነበር። እናቱ መይሙና በአንድ ከሰዓት አስላጨችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቱ ቢልቂስ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ደክመው ባሏ እያስታመማት ዴልሂ፣ ሆስፒታል ተኝታለች። ከቤተሰቡ ሁሉ ተመርምሮ የሚስማማት የጃፋር ኩላሊት ብቻ ሆነ። ቪዛው ወጣ፣ ትኬቱ ተቆረጠ። ማክሰኞ ይነሳና በአንድ ዐረብ አገር አልፎ ረቡዕ ይደርሳል፤ በሳምንቱ ቀዶ ሕክምናው ነው።

በልደታ ኮንዶሚኒየም አንድ ሰው አውሮፕላን ሊሳፈር ነው ከተባለ መካሪው ከሻንጣው ይከብዳል። ሰኞ ዕለት የታች ፎቁ ጋሽ ወልደአማኑኤል ሊሰናበቱ ወጡ። ጡረታ እስኪወጡ የአውሮፕላን ማረፊያ ፈታሽ ነበሩና በብሎኩ ቃላቸው እንደ ባለማኅተም ደብዳቤ ነው።

«ጃፊ፣ ይሄን ሁሉ ጺም ተሸክመህ? ዓለም አውሮፕላን ፈርቷል እኮ!»

«እኔ ምን አደረግሁ ጋሼ?»

«ምንም። ግን ሁሉ እኩል ይፈተሽ ከተባለ አውሮፕላን አይነሳም። ፈታሽ ይመርጣል። እኔም ስመርጥ ነው የኖርኩት።»

«በመልክ?»

«ታዲያ በምን ልምረጥ?»

«በጺም መርጠው ስንት ወንጀለኛ ያዙ?»

ሽማግሌው አሰቡ። ሰውየው ሐቀኛ ናቸው። «አንድም» አሉ። «መመረጡ ግን አልቀረም።»

መይሙና ከዚህ ሁሉ የሰማችው «ይመርጣል» የሚለውን ብቻ ነው። ሽማግሌው እንደወጡ ልጇን ያዘችው።

«እማ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለሁት ከነጺሜ ነው።»

«ሰው አይላጭም? እኔ ልሙት ጃፊ! እህትህ እየጠበቀችህ ነው።»

እናት «እኔ ልሙት» ካለች የሠላሳ ሁለት ዓመት ጎልማሳም ልጅ ነው። ጌጃ ሰፈር ፀጉር ቤት ራሷ ወሰደችው፤ ወንበሩ አጠገብ ቆማ «እዚህ ጋ ቀርቶሃል» እያለች አስላጨችው። አገጩ እንደ ተላጠ ድንች ነጥቶ ወጣ። መይሙና ደስ አላት። ልጇ ማንንም የማያስፈራ ሰው ሆነላት።

በመሸጋገሪያው አውሮፕላን ማረፊያ ፈታሹ ፓስፖርቱን አየ፣ ፊቱን አየ። ፀሐይ ያልነካው አገጭ ትናንት መላጨቱን ይናገራል። ከሰልፉ አወጡት።

«ሊሳፈሩ ሲሉ የሚላጩት የሚደብቁት ያላቸው ናቸው። አንተ ለምን ተላጨህ?»

ጃፋር መዋሸት አያውቅበትም። «እናቴ ናት ያስላጨችኝ» አለ።

ሳቁበት። እናቱ እጁን ይዛ ፀጉር ቤት የምትወስደው ጎልማሳ መኖሩን ማን ይነግራቸው! ስድስት ጊዜ ጠየቁት፤ ስድስቴም ያንኑ መለሰ። የሆስፒታሉን ደብዳቤ አሳየ፤ ይጣራል ተባለ። መስኮት በሌለው ክፍል ሁለት ቀን አስቀምጠው በሦስተኛው ቀን ወደመጣበት ላኩት።

ቪዛው ተሰርዞ ነበርና እንደገና ሲጠየቅ ሦስት ሳምንት ይፈጃል ተባለ። የቢልቂስ ሰውነት ግን በደሟ የተጠራቀመውን መርዝ ሦስት ሳምንት መሸከም አልቻለም። በአሥራ አንደኛው ቀን ባሏ ደወለ። እዚያው ተቀበረች፤ መይሙና የልጇን መቃብር እንኳ አላየችም።

ድንኳኑ በብሎኮቹ መሀል ተተከለ። ጋሽ ወልደአማኑኤል ከሁሉ ቀድመው መጥተው ጥግ ላይ አቀርቅረው ተቀመጡ። ከመይሙና ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አልደፈሩም፤ እሷም አልደፈረችም። እሳቸው የተናገሩት ቃል ነው፤ የሠራው የሷ እጅ ነው። ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

በሁለተኛው ቀን ከተክለ ሃይማኖት የመጣው የባሏ ወንድም በከር ድምፁን ሳይቀንስ ጠየቀ።

«ጃፋር፣ የተያዝከው ተላጭተህ ነው አሉ። ማነው የመከረህ?»

የጋሽ ወልደአማኑኤል ከዘራ ከእጃቸው ወደቀ። በሴቶቹ በኩል የተቀመጠችው መይሙና ወደ ልጇ ዞረች።

ጃፋር ማደግ የጀመረውን ጺሙን በመዳፉ አሸው።

«ማንም አልመከረኝም» አለ። «ሞቆኝ ነው፤ በገዛ እጄ ነው የተላጨሁት።»

«ወይ ሞኝነት! ለሙቀት ብለህ እህትህን!» አለ በከር። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዳንዱም ፊቱን አዞረበት።

መይሙና ሻርፗን አፏ ላይ ጫነችው። እዚያ ማዶ እውነቱን ስድስት ጊዜ ተናግሮ አንድ ሰው አላመነውም። እዚህ አንድ ጊዜ ቢዋሽ ድንኳኑ ሙሉ አመነው። ተነስታ «እኔ ነኝ» ልትል ፈለገች።

አልተነሳችም።