አሥራ አራተኛው እርከን

ግንበኛው ትልቁን መዶሻ ትከሻው ላይ አድርጎ ሲወጣ ታናሽ ወንድሙ የደረጃው ጫፍ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ወንድሙ ወለል አንጣፊ ነው። ከኋላው ሦስት ሳምንት ተንበርክኮ ያነጠፈው እብነ በረድ ያብረቀርቃል።

«ጋሼ፣ ቤት በመዶሻ ነው እንዴ የሚመረቀው?»

«ዘወር በል።»

ግንበኛው ደረጃውን ሲሠራ ላይኛው ወለል ስስ ስሚንቶ ብቻ እንደሚለብስ አስቦ፣ አሥራ አራቱን እርከን እኩል አካፍሎ ነበር። ከዚያ ታመመ። እሱ ተኝቶ ሳለ ወንድሙ ሳያማክረው ወፍራም ስሚንቶ ደልድሎ እብነ በረድ አነጠፈ። ወለሉ ከፍ አለ፤ እርከኖቹ ባሉበት ቀሩ። የመጨረሻው እርከን ከፍታ ከሌሎቹ በሦስት ጣት በለጠ።

ዐይን ላለው ሰው ይህ ምንም አይደለም። እናታቸው ግን ማየት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ደረጃ የሚወርዱት እግራቸው በለመደው ልክ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እዚህ ፎቅ ሊገቡ ነው።

«ዛሬ ትግባ፤ ነገ እናስተካክለዋለን።»

«ያንተን ነገ አውቀዋለሁ። የጓዳውን በር ነገ እሰቅላለሁ ካልክ ዓመት ሞላህ።»

«እጇን ይዤ አወርዳታለሁ።»

«ሥራ ስትሄድስ?»

ወንድሙ ወደ ስድብ ዞረ። «በሽታው ጭንቅላትህ ላይ ወጥቷል። የኔ ሥራ ካንተ ስለበለጠ ነው፤ ቅናት ነው።»

ግንበኛው በትከሻው ገፍቶት አለፈና መዶሻውን አሳረፈ። እብነ በረዱ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ወንድሙ ከኋላ አንገቱን አነቀው። ግንበኛው ክርኑን ወደ ኋላ ሰደደ፤ የወንድሙ የጎድን አጥንት ሲሰበር ተሰማው። አንገቱን ያነቀው እጅ ለቀቀው፤ ወዲያው ግን ወንድሙ ከወለሉ ያነሳው የብረት ውሃ ልክ አፉ ላይ አረፈ። ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ። መዶሻውን ጣለው፤ ይዞት ቢቆይ እንደሚገድለው አውቋል። በባዶ እጁ መታው፤ ደገመው። የወንድሙ ቅንድብ ተቀደደ፤ ደሙ ሁለት ዐይኑን ሸፈነው።

ወንድሙ ምንም ሳያይ አፈገፈገ። እግሩን ወደ ኋላ ሰዶ እርከኑን ፈለገ። በልኩ ቦታ አልነበረም። ግንበኛው እጁን ዘረጋ፤ እጁ ላይ የቀረው የሸሚዝ ቁልፍ ብቻ ነው። ወንድሙ በጀርባው፣ በራሱ፣ በጉልበቱ እየተጋጨ እስከ ታች ወረደ።

የእግሩ አጥንት ሱሪውን ቀዶ ወጥቷል። ግንበኛው ወርዶ ቀበቶውን አስነከሰው፤ እግሩን በሁለት ጣውላ መሃል አሰረለት፤ አምቡላንስ ጠራ።

ወንድሙ ቀበቶውን ከአፉ አወጣ። «ጋሼ፣ እርከኑ ጠፋብኝ።»

«አውቃለሁ።»

ተመልሶ ወጣና መዶሻውን አነሳ። ስንት ጊዜ እንደመታ አልቆጠረም። እብነ በረዱ ሲያልቅ ስሚንቶው ቀጠለ። በመሃል የታችኛው በር ተከፈተ።

«ልጆች፣ ምንድን ነው የሚፈርሰው?» አሉ እናታቸው።

«ወለሉ ነው እማዬ። እዚያው ቁሚ፤ ገና አልደረሰልሽም።»

«ወንድምህስ የት አለ?»

ግንበኛው መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ። ከእናታቸው እግር ሥር፣ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ቦታ የተጋደመው ታናሹ የሕመም ጩኸቱን ዋጠ።

«እዚህ ነኝ፣» አለ። «ቁጭ ብዬ እያሠራሁት ነው።»