የመንገድ ዳር ድርሻ

ካርሳን ክፉ ሰው አልነበረም። ክፋቱ በታናሽ ወንድሙ በቫልጂ ላይ ብቻ ነው። የቫልጂ ጎሽ ብዙ ታለበች ሲባል ሆዱን ይቆርጠዋል፤ የቫልጂ ልጅ ፈተና አለፈ ሲባል ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲያመው ይውላል።

ከተማው እየሰፋ እየሰፋ የጥጥ ማሳቸው ድረስ መጣ። የሕንዷ ጉጃራት ደንብ የታወቀ ነው፤ የገበሬው ሁሉ መሬት በካርታ ላይ ይደባለቅና ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለመናፈሻ ይቆረስለታል፤ የተረፈው ቅርጹ ተስተካክሎ ለየባለቤቱ ይመለሳል። ካርታው በመንደሩ አዳራሽ የተለጠፈ ዕለት ሰው ሁሉ ተጋፍቶ የራሱን ቁጥር ፈለገ። ካርሳን የወንድሙን ፈለገ። አገኘውም፤ ሰፊው የአውቶቡስ መንገድ ዳር!

«ቫልጂን መንገድ ዳር አስቀመጡልሽ!» እያለ ቤቱ ገባ።

ሚስቱ ራምባ እርጎ እየናጠች ነበር። «የኛስ የት ደረሰ?»

ካርሳን የራሱን ማየት ረስቶ ነው የመጣው።

«አይ አንተ! ያለህ አንድ ወንድም ነው፤ እሱንም በዓይንህ ጨርሰኸው ታርፋታለህ።»

ጆሮ ዳባ ልበስ።

በካርታው ላይ ተቃውሞ በሚሰማበት ቀን ሁለቱም ወንድማማቾች አዳራሹ ቀረቡ። ካርሳን የራሱ ድርሻ ውስጥ ለውስጥ በሚሄደው ጠባብ መንገድ ላይ፣ ከመናፈሻውና ከትምህርት ቤቱ ቦታ ፊት ለፊት እንደሆነ በመጨረሻ አውቋል።

«ታላቅ እኔ ነኝ፤ መንገድ ዳሩ የሚገባው ለኔ ነው» አለ።

ፕላኑን ያወጣችው ወጣት፣ ኬትኪ፣ ከወረቀቷ ቀና ብላ በአክብሮት ጠራችው። «ካርሳንባይ፣ ያስቡበት እንጂ። የአውቶቡሱ መስመር በአጥር ይታጠራል፤ መኪና ማቆምም ክልክል ነው። ፌርማታው ገና አልተወሰነም፤ ሰው የሚበዛበትን አይተን ነው የምንተክለው። መንገድ ሰው ያመጣል፣ ሰው ደግሞ መንገድ ይጠራል።»

«ልጄ፣ ሱቅ መንገድ ዳር ነው፤ ይሄን እንኳን እኔ ጎሼም ታውቀዋለች!»

ቫልጂ ፊቱ ግርጥት ብሎ ወደ ታላቁ ዞረ። መንገድ ዳሩን እሱም ተመኝቶት ነበር። «ሞታባይ» አለው፤ ታላቅ ወንድሜ ማለቱ ነው፤ በስሙ ጠርቶት አያውቅም። «ደስ ካለዎት ይውሰዱት። ብቻ ከእንግዲህ እንደ ወንድም እንኑር።»

«እንዴታ!» ካርሳን ድርሻቸውን የሚያለዋውጠውን ወረቀት እየተጣደፈ ፈረመ።

የቀለም ሱቅ ከፈተ። አውቶቡሶቹ በበሩ ሽው ይላሉ፤ የሚወርድ የለም። ማዶ ያለው ደንበኛ አጥር አይዘልም፤ ባለመኪናው ቆሞ መግዛት አይችልም። ውስጥ ባለው ጠባብ መንገድ ግን ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ ልጆች አሉ ተብሎ የመኖሪያ ፎቅ ተሠራ፤ ሰው በዛ ተብሎ ፌርማታው ወደዚያ በሚወስደው መታጠፊያ ላይ ተተከለ፤ ፌርማታ አለ ተብሎ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ፎቅ ተፈቀደ። ቫልጂ እዚያ ሱቅ ከፍቶ ፋፍዳ የሚሉትን የሽምብራ ዱቄት ቂጣ በዘይት ይጠብሳል፣ ከቃሪያ ጋር በጋዜጣ ይጠቀልላል፤ ሰልፉ ፌርማታው ድረስ ነው።

«ምቀኛ አታሳጣኝ ማለት ይሄ ነው!» ይሉታል ደንበኞቹ እየሳቁ።

ካርሳን ይሰማል። ዓይኑ ደም ይለብሳል። በቀን አሥር ጊዜ ሱቁን እየዘጋ መጥቶ ሰልፉን ያያል። ቅናት ደግሞ ባዶ ሱቅ ውስጥ ሲቀመጥ ይብሳል። አንድ ጠዋት መቻል አቃተው፤ በሰልፉ መሀል ቆሞ ጮኸ።

«በዚህ ዘይት እኮ ባለፈው ሳምንት ልጅ ታሟል!»

ውሸት ነው። ሰልፉ ግን ተበተነ፤ በማግስቱም፣ በሳምንቱም አልተሰለፈም።

በወሩ ቫልጂ በር ላይ የጭነት መኪና ቆመ። ካርሳን እየሮጠ መጣ።

«ምን ልትሆን ነው?»

«ቦታውን ሸጥኩት። እርስዎ መንገድ ዳሩን ፈለጉ፣ ሰጠሁዎት። የልጆቼን ጉሮሮ ሲዘጉ ግን... እኔ ከእርስዎ ዓይን ሸሽቼ ነው የምሄደው፣ ሞታባይ።»

ካርሳን ደነገጠ። ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ፤ ምን እንዳቀበጠው እንጃ፣ የወጣው ሌላ ነው።

«የምትገባበትስ... መንገድ ዳር ነው?»

ቫልጂ አየው፣ አየውና ከሾፌሩ ጎን ወጥቶ በሩን ዘጋ።

ዛሬ በካርሳን ሱቅ ፊት ሦስት የአውቶቡስ መስመር ያልፋል። ወንድሙ ዘንድ የሚያደርሰው የትኛው እንደሆነ የምታውቀው ራምባ ናት፤ እሷም አትነግረውም።