ከኋላዬ የሚሰማው ሳል

እኔ ሰው የሚባል አልፈራም። አክስቴ ፀጉር ቤት ሥራ የገባሁትም ትምህርት ስላስጠላኝ እንጂ ከማንም ሸሽቼ አይደለም። እርግጥ ስቆም ጀርባዬን ለግድግዳ እሰጣለሁ፤ ሰው ከኋላዬ ሲስል ደግሞ አንገቴ ድርቅ ይላል። ክፍል ውስጥ ከኋላዬ የምትቀመጠው ልጅ ሹሩባዬን ከመጎተቷ በፊት ትስል ነበር፤ ከዚያ ሁሉም ይስቃል። ትምህርቱን ተውኩት፤ ሳሉ ግን እስከ መኝታዬ ተከተለኝ።

ትናንት ያው ሳል በር ላይ ተሰማ። የምር እሷ ነበረች። ሳታውቀኝ መታጠቢያው ላይ ተጋደመችና ዓይኗን ጨፈነች። ሻምፖ አፍስሼ ማሸት ጀመርኩ።

«ሹሩባዬን ስትጎትቺ ያመኝ ነበር» አልኳት። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ዓይኗን ስትገልጥ አወቀችኝ። «ኧረ ባክሽ፣ ቀልድ እኮ ነበር።»

«ለኔ አልነበረም። እስካሁን ማታ ማታ ስትስይ እሰማሻለሁ።»

ፀጉሯ በእጄ ነበር፤ አልጎተትኩም።

ደረቴን ነፍቼ ወደ አክስቴ ዞርኩ። «አየሽኝ አክስቴ? ቅንጣት ታህል አልፈራሁም።»

«አየሁሽ» አለች አክስቴ። «ሻምፖውን በደረቅ ፀጉር ላይ ነው የደፋሽው። በይ ውሃውን ክፈቺ።»